ዎንግ ፌይ-ሁንግ ክፍል 2፦ ስለ ጄት ሊና ዶኒ የን ፊልም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የታሪኩን ምስጢር የሚያወጣ መልስ ሲመጣ አስቀድሜ እናገራለሁ።

የምናወራው ስለ የትኛው ፊልም ነው?

በ1992 በሆንግ ኮንግ ለእይታ ስለበቃው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ቻይና 2» ነው። ዳይሬክተሩ ጹይ ሃርክ ነው። አክተሩ ጄት ሊ ሲሆን ዎንግ ፌይ-ሁንግ የተባለውን የቻይና ጀግና ሆኖ ይጫወታል። ተቀናቃኙ ዶኒ የን ነው። ብዙ ሰው ርዕሱን አያስታውሰውም። «ያ በጨርቅ የሚደባደቡበት» ሲባል ግን ወዲያው ይመጣለታል። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ የኛ ሰው ደግሞ ጄት ሊን የሚያስታውሰው ግንባሩን ተላጭቶ፣ ረጅም ጉንጉኑን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አንድ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ሲቆም ነው። ያ አቋም የዎንግ ፌይ-ሁንግ ነው።

ክፍል 1ን ሳላይ ክፍል 2 ይገባኛል?

አዎ፣ በደንብ። ክፍል 2 የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው። ዎንግ ፎሻን በምትባል ከተማ ክሊኒክ ያለው ሐኪምና የኩንግ ፉ መምህር ነው። አብራው ያለችው ሴት «አስራ ሦስተኛዋ አክስት» ትባላለች፤ እንግሊዝ አገር ተምራ የመጣች ናት። ቀልደኛው ወጣት ሊዩንግ ፉን ደግሞ ተማሪው ነው። በቃ። ክፍል 1ን በኋላ ብታዩትም ምንም አይቀርባችሁም።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ጊዜው 1895 ነው። ዎንግ፣ አክስቲቱና ፉን ለሐኪሞች ጉባኤ በባቡር ወደ ጓንግዡ ይሄዳሉ። ያኔ ከተማዋ በፈረንጆች አፍ ካንቶን ትባል ነበር። ሲደርሱ ከተማዋ ትታመሳለች። ቻይና በጃፓን ተሸንፋ በዚያው ዓመት በተፈረመው የሺሞኖሴኪ ውል ታይዋንን አስረክባለች። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ይጮኻል። በሌላ በኩል «ነጭ ሎተስ» የሚባል የእምነት ቡድን ተነስቷል። የውጭ አገር ሽታ ያለበትን ሁሉ ያቃጥላል፤ ሰውንም ጭምር።

ዎንግ የመጣው ስለ ሕክምና ሊናገር ነበር። ሳያስበው በሦስት ወገን መሐል ይገባል። አንዱ ነጭ ሎተስ ነው። ሁለተኛው ንጉሣዊው መንግሥት ነው፤ ዶኒ የን የሚጫወተው አዛዥ ናላን የሚያገለግለው እሱን ነው። ሦስተኛዎቹ በስውር የሚንቀሳቀሱ አብዮተኞች ናቸው። የውጭ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሕፃናት ለአደጋ ሲጋለጡ ዎንግ ዳር ቆሞ ማየት አይችልም። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ትንፋሽ አይሰጥም።

ዎንግ ፌይ-ሁንግ እውነተኛ ሰው ነበር?

ነበር። የተወለደው በ1847 ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ፎሻን አካባቢ ነው። አባቱ ዎንግ ኬይ-ዪንግ «አሥሩ የካንቶን ነብሮች» ከሚባሉት የዘመኑ ዝነኛ ተፋላሚዎች አንዱ ነበር። ልጅየው ሁለት ሙያ ያዘ። አንደኛው ሁንግ ጋር የሚባለው የደቡብ ቻይና የኩንግ ፉ ስልት ነው። ሁለተኛው ሕክምና ነው። እኛ ወጌሻ የምንለው ዓይነት ሰው ነበር፤ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ ወለምታ ያሻል፣ መድኃኒት ይቀምማል። ጓንግዡ ውስጥ «ፖ ቺ ላም» የሚባል ክሊኒክ ነበረው። የአንበሳ ጭፈራም ይችልበት ነበር።

ፊልሞቹ ብዙ የማያነሱት የሕይወቱ መጨረሻ ነው። በ1924 ጓንግዡ ውስጥ የነጋዴዎች ታጣቂ ኃይል በመንግሥት ላይ ተነሳ። በግጭቱ «ፖ ቺ ላም» ተቃጠለ። ሽማግሌው ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ባለቤቱ ሞክ ክዋይ-ላን ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻግራ ስልቱን ማስተማር ቀጠለች።

ዝናው የገነነው ከሞተ በኋላ ነው። የተማሪው ተማሪ የሆነ ጸሐፊ ታሪኩን በሆንግ ኮንግ ጋዜጦች በተከታታይ አወጣው። ከዚያ ሲኒማ ተቀበለው። ከ1949 ጀምሮ ክዋን ታክ-ሂንግ የተባለ ተዋናይ ዎንግ ሆኖ ከ70 በላይ ፊልሞች ሠራ። ለአንድ ትውልድ ዎንግ ማለት ክዋን ታክ-ሂንግ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ የሚመክር፣ ሲበዛ ጨዋ አባት። በ1978 ደግሞ ጃኪ ቻን ይህንኑ ሰው ሰካራምና አስቸጋሪ ወጣት አድርጎ ተጫወተው። ጄት ሊ የመጣው በነዚህ ሁለቱ መሐል ነው። ጨዋነቱን ከመጀመሪያው፣ ወጣትነቱን ከሁለተኛው ወስዷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት እንደሚሉት ከሆነ፣ በ1895 እውነተኛው ዎንግ ከጄኔራል ሊዩ ዮንግፉ ጋር ታይዋን ነበር፤ ጃፓኖችን ሊመክት። ፊልሙ ግን ጓንግዡ ላይ አስቀምጦታል። ታይዋን ስለተሰጠች በሚጮኸው ሰልፈኛ መሐል ሲያልፍ ይህን እያሰብኩ አየዋለሁ፤ ትዕይንቱ ይከብደኛል።

ነጭ ሎተስ የሚባለው ቡድን በእውነት ነበረ?

ስሙ እውነተኛ ነው። ከቡድሂዝም ጋር የተያያዘ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት በስውር የኖረ ማኅበር ነበር። ከ1796 እስከ 1804 በጊዜው ቻይናን በሚገዛው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ላይ ያነሳው አመፅ መንግሥቱን ክፉኛ አዳክሟል። ፊልሙ ላይ የምናየው ጠባይ ግን የሌላ ቡድን ነው። ፈረንጅን መጥላት፣ ጥይት አይበሳንም ማለት፣ ቤተክርስቲያንና ኤምባሲ ማጥቃት በ1899 እና በ1900 የተነሱት ቦክሰሮች ሥራ ነው። እነሱም የተነሱት በሰሜን ቻይና እንጂ ጓንግዡ አይደለም። ጹይ ሃርክ ሁለቱን አቀላቅሎ ወደ ደቡብ አምጥቷቸዋል። እንደ ታሪክ ስሕተት ነው። እንደ ድራማ ግን ሠርቷል።

የባቡሩም ነገር እንደዚሁ ነው። ጓንግዡን ከፎሻን ያገናኘው ሐዲድ የተዘረጋው ከ1900 በኋላ ነው።

ዎንግ በፊልሙ የሚያገኘውን አብዮተኛ ሱን ያት-ሰንን በእርግጥ አግኝቶታል?

አይደለም፤ ይህ የፊልሙ ፈጠራ ነው። ግን በጣም ጥሩ ፈጠራ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ። ሱን በ1892 ከሆንግ ኮንግ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቋል። በጥቅምት 1895 ጓንግዡ ውስጥ የመጀመሪያውን አመፅ አቀደ። ምስጢሩ ወጣና ከሸፈ። ጓደኛው ሉ ሃኦዶንግ ተይዞ ተገደለ። ሱን አመለጠ። በጥር 1912 የቻይና ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሉም በፊልሙ ውስጥ አለ። በሰማያዊ ላይ ነጭ ፀሐይ ያለበትን ሰንደቅ የነደፈው እሱ ነው። ያ ምልክት ዛሬም የታይዋን ባንዲራ ጥግ ላይ አለ። ፊልሙን ስታዩ ይህን ሰንደቅ አስታውሱት፤ ይጠቅማችኋል።

የጉባኤው ትዕይንት ለኔ ከድብድቦቹ እኩል ነው። ዎንግ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ አኩፓንክቸር በቻይንኛ ይናገራል። አዳራሹ በፈረንጅ ሐኪሞች ተሞልቷል፤ የሚገባው የለም። አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት ቻይናዊ ሐኪም ይነሳና ማስተርጎም ይጀምራል። ሱን ያት-ሰን ነው። ፉን ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ሲመታ እግሩ ይፈናጠራል። ዎንግ መርፌ ይሰካል፤ እግሩ ዝም ይላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። አንዱ የአባቶቹን ዕውቀት ይዟል፣ ሌላው የውጭውን። አንዱ ያለሌላው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሊደመጥ አይችልም ነበር። ጭብጨባው ሳይበርድ የነጭ ሎተስ ቀስቶች በእሳት ተያይዘው በመስኮት ይገባሉ።

ለምንድን ነው ሰው ክፍል 2 ከክፍል 1 ይበልጣል የሚለው?

ሁሉም አይልም። በክፍል 1 ላይ ያለውን የመሰላል ድብድብ ከምንም የማያስበልጡ አሉ። እኔ ግን ክፍል 2 ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ድብድቡ ብቻ አይደለም።

በክፍል 1 ጠላት የሆኑት በዋናነት የውጭ አገር ሰዎችና ከነሱ ጋር ያበሩ ወሮበሎች ናቸው። ጀግናው የአገሩ ሰው፣ ክፉው መጤ። ይህ በኩንግ ፉ ፊልም የተለመደ መንገድ ነው። ክፍል 2 ይህንን ይገለብጠዋል። እዚህ ሕፃናትን የሚያሳድዱት «ለአገራችን ነው» የሚሉ ሰዎች ናቸው። የልጆቹ ጥፋት የውጭ ቋንቋ መማራቸው ነው። ለልጆቹ መጠለያ የሚሆነው የእንግሊዝ ቆንስላ ነው። ዎንግ አገሩን ይወዳል፤ የፈረንጅም ነገር ብዙም አይጥመውም። ከአገር ፍቅርና ከጥላቻ አንዱን መምረጥ ሲኖርበት ግን አያመነታም። የሕዝብ ጀግና ከገዛ ሕዝቡ ቁጣ ፊት ቆሞ «አይሆንም» ሲል የሚያሳይ የኩንግ ፉ ፊልም ብዙ አላየሁም።

አዛዥ ናላንም ተራ ክፉ አይደለም። ሥራውን የሚያከብር፣ ለመንግሥቱ የታመነ ወታደር ነው። ዎንግንም ያከብረዋል። የሚያገለግለው መንግሥት እየፈረሰ መሆኑ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት እምቢ ብሏል። ስለዚህ ሲጋጠሙ ማን እንዲያሸንፍ እንደምትፈልጉ ብታውቁም ልባችሁ ሙሉ በሙሉ አይደሰትም።

የጄት ሊና የዶኒ የን ድብድብ ለምን ይህን ያህል ተወራለት?

ሰዎቹን በማወቅ እንጀምር። ሁለቱም የተወለዱት በ1963 ነው። ጄት ሊ ቤጂንግ ውስጥ ገና በልጅነቱ የዉሹ፣ ማለትም የቻይና ማርሻል አርት ስፖርት፣ ሻምፒዮን የሆነ ነው። በ1974 የቻይና ቡድን አሜሪካ ሲሄድ ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ትርኢት ካሳዩት ልጆች አንዱ ነበር። ዶኒ የን የተወለደው እዚያው ጓንግዡ ሲሆን ያደገው ቦስተን ነው። እናቱ ቦው-ሲም ማርክ ራሷ የታወቀች የማርሻል አርት መምህር ናት። ወጣት ሳለ ቤጂንግ ሄዶ ከዉሹ ቡድኑ ጋር ሠልጥኗል። ማለትም ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ጠጥተዋል። ካሜራው ላይ ይታያል፤ አንዱ የሰነዘረውን ሌላው ሳያየው የሚያውቀው ይመስላል።

መጀመሪያ የሚጋጠሙት በናላን ግቢ ነው፣ በዱላ። መፈታተን ነው እንጂ ጠብ አይደለም። ዱላዎቹ ረጃጅም ናቸው። ጫፋቸው ሲርገበገብ ታያላችሁ፤ ድምፁ ብቻ ያስደነግጣል። ከዚያ ናላን ችሎታውን ሲያሳይ ጨርቅ ያነሳል። ረጅም ጨርቅ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ጠምዝዞ ጠምዝዞ ያጠነክረዋል። የታጠበ ጋቢ ለሁለት ይዞ የጨመቀ ሰው ያውቀዋል፤ ሲጠመዘዝ እንጨት ይሆናል። በናላን እጅ ያ ጨርቅ አንዴ ጅራፍ ነው፣ አንዴ ዱላ፣ አንዴ ደግሞ የሰው ክንድ የሚያስር ገመድ።

የመጨረሻው ፍልሚያ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ዎንግ ቀርከሃ ይዟል፣ ናላን ጨርቁን። ግድግዳ ይደረመሳል፣ ቀርከሃ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቦታው እየጠበበ በሄደ ቁጥር ረጅም መሣሪያ ሸክም ይሆናል። ሁለቱም ስልታቸውን ከቦታው ጋር ይለውጣሉ። ድብድቡን ያቀናበረው ዩዌን ዉ-ፒንግ ነው። ለዚህ ሥራው በሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት በምርጥ የድብድብ ቅንብር አሸንፏል። ከዓመታት በኋላ ሆሊውድ ጠርቶት የ1999ኙን «ማትሪክስ» ድብድቦች የሠራው ይኸው ሰው ነው።

በገመድ ታስረው ነው የሚበሩት? ከሆነ ታዲያ ምኑ እውነት ነው?

አዎ፣ በገመድ ነው። በዚያ ዘመን በሆንግ ኮንግ ቀጭን ሽቦ ወገብ ላይ አስሮ ተዋናዩን ማንሳት የተለመደ ነበር። ኮምፒዩተር የሠራው አይደለም፤ ወዲያ ጫፍ ላይ ሰዎች እየጎተቱ ነው። ግን ሽቦው ከፍ ያደርጋል እንጂ አያስተካክልም። አየር ላይ ወገብን አዙሮ፣ እግርን ዘርግቶ፣ ሚዛን ጠብቆ መውረድ የተዋናዩ ሥራ ነው። ያልሠለጠነ ሰው በሽቦ ሲንጠለጠል ያስታውቃል።

ሥራው አደገኛም ነበር። ጄት ሊ ክፍል 1ን ሲሠራ ተጎድቶ በመሰላሉ ድብድብ አንዳንድ ቦታ ላይ ሺዮንግ ሺንሺን የሚባል ስታንት ተክቶታል። ያ ሰው በክፍል 2 ፊቱን ይዞ መጣ፤ የነጭ ሎተሱ ቄስ እሱ ነው።

የቄሱ ምስጢር ምንድን ነው? እውነት ጥይት አይበሳውም? (ፊልሙን ያላያችሁ ይህን ዝለሉት)

ቤተ መቅደሱ ውስጥ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ተደራርቦ መሠዊያ ሆኗል። ዎንግና ቄሱ የሚጋጠሙት እዚያ ላይ ነው። ማማው እየተወዛወዘ፣ ጠረጴዛ እየተሰበረ። ቄሱ በጥይት ተመትቶ አይወድቅም። ተከታዮቹ አምላክ እንደሚጠብቀው ያምናሉ። ዎንግ ግን ወጌሻ ነው፤ የሰው አካል ሲመታ ምን እንደሚሰማ በእጁ ያውቃል። ልብሱ ሥር ብረት አለ። ተአምሩ ያ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ለሞት ያስነሳ እምነት በአንድ የብረት ሳህን ላይ እንደቆመ ስታዩ ያናድዳችኋል፤ ማናደድም አለበት።

አክስቱን ነው እንዴ የሚወደው?

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ከአባቱ ወገን ጋር በመሐላ የተሳሰረ ቤተሰብ ልጅ በመሆኗ በማዕረግ አክስቱ ናት። በዕድሜ ግን እኩዮች ናቸው። ችግሩ ይሉኝታው ነው። እሱ እንደ አክስት አክብሮ ይጠራታል፣ እሷ ደግሞ ያንን ክብር አትፈልገውም። ራስን የመከላከል ስልት ሲያስተምራት እጇን መያዝ አለበት። ያን ጊዜ ስንት ሰው የሚጥለው ጌታ ዓይኑን ወዴት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ጄት ሊ ይህን ያለ ቃል ነው የሚጫወተው። አክስቲቱን የምትጫወተው ሮዛመንድ ኩዋን ደግሞ ፊልሙን ከመድረቅ ያዳነች ናት። ካሜራዋን ይዛ በነጭ ሎተስ ሰልፍ ፊት ስትቆም ከወንዶቹ አታንስም።

እውነተኛው ዎንግ እንዲህ ያለች አክስት አልነበረችውም። ገጸ ባሕሪዋ የፊልሙ ፈጠራ ናት።

ሊዩንግ ፉን በክፍል 1 ሌላ ሰው አልነበረም?

ነበር። በክፍል 1 ዩን ቢያው፣ በክፍል 2 ማክስ ሞክ።

መጨረሻ ላይ የሚሰማው ዘፈን ምንድን ነው?

ዜማው ጥንታዊ ነው፤ «የጄኔራሉ ትእዛዝ» የሚባል የቻይና ባህላዊ የሙዚቃ ቅንብር። ጄምስ ዎንግ ግጥም ጻፈለትና የተከታታዩ መለያ ሆነ። ወንድ ልጅ ራሱን ያበርታ የሚል መንፈስ ያለው መዝሙር ነው። በክፍል 1 የዘፈነው ጆርጅ ላም ነው። በክፍል 2 መጨረሻ ላይ የምትሰሙት ድምፅ የጃኪ ቻን ነው። አዎ፣ ራሱ ጃኪ ቻን። ከበሮው ሲጀምር ድምፁን ከፍ አድርጉት።

በየትኛው ቋንቋ ልየው?

በካንቶንኛ፣ ከጽሑፍ ትርጉም ጋር። ታሪኩ የካንቶን ታሪክ ነው። ጄት ሊ ራሱ የሰሜን ሰው ስለሆነ በካንቶንኛው ቅጂ የምትሰሙት የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። በእንግሊዝኛ ድምፅ የተተካበትን አልመክርም። የጉባኤው ትዕይንት የቆመው አንዱ የሚናገረውን ሌላው ስለማይሰማው ነው። ሁሉም እንግሊዝኛ ሲናገር ትዕይንቱ ይሞታል።

ከልጆች ጋር ማየት ይቻላል?

ከፍ ካሉ ልጆች ጋር፣ አጠገባቸው ሆናችሁ። መክፈቻው ላይ ነጭ ሎተሶች የውጭ ዕቃ ሲያቃጥሉ የሚረብሽ ነገር አለ። ሕፃናት አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ሞትም አለ። እርቃን የለም።

ቀጥሎስ ምን ልይ?

ክፍል 3 በ1993 ወጣ፤ ጄት ሊ አለበት። ታሪኩ ቤጂንግ ውስጥ የአንበሳ ጭፈራ ውድድር ነው። በቀለምና በብዛት ያምራል፤ በታሪክ ግን ክፍል 2ን አይደርስበትም። ለሺዮንግ ሺንሺን ስትሉ እዩት፤ እዚያ «ሽባ እግር» የሚባል ተደባዳቢ ሆኖ ልብ ይነካል። ክፍል 4 እና 5 ላይ ጄት ሊ የለም፤ ቪንሰንት ዣው ተክቶታል። ጥሩ ተደባዳቢ ነው፤ ግን ጊዜ ካጠራችሁ ዝለሏቸው። በ1997 በወጣው ክፍል 6 ጄት ሊ ተመልሷል። ዳይሬክተሩ ሳሞ ሁንግ ነው፤ ታሪኩም አሜሪካ ምዕራብ ውስጥ ነው።

ሁለቱን ሰዎች እንደገና ፊት ለፊት ማየት የምትፈልጉ ደግሞ የ2002ቱን «ሂሮ» ፈልጉ። ዝናብ በሚያንጠባጥብበት ግቢ ውስጥ ጄት ሊ ሰይፍ፣ ዶኒ የን ጦር ይዘው ይጋጠማሉ።